ዝና ሥልጣን ሲሆን

«ዘፋኝ ወታደር የለው፣ ማኅተም የለው፤ ምን ሥልጣን ይዞ ነው በሥልጣኑ ባለገ የሚባለው?» ይህን የጠየቀኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም በሆዳቸው የያዙት ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው ፈለግሁ።

ከዳባት፣ ከደባርቅና ከአምባ ጊዮርጊስ ድምፅ ያላቸውና እስክስታ የተካኑ ልጆች ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ድሮ ልጅ ዘፋኝ ልሁን ሲል ቤተሰቡ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ይቆጣ ነበር። አሁን ስልክ ያላት ልጅ የትምህርት ቤት በዓል ላይ የጨፈረችውን ቲክቶክ ላይ ትለቀዋለች፤ አንድ ቀን ስሙን አገር የሚያውቀው ሰው «ነይ፣ አብረን እንሥራ» ብሎ ይጽፍላታል። ያ መልእክት እውነተኛ ዕድል ሊሆን ይችላል። ወጥመድም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የዘፋኙ ሥልጣን ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ሴት ልጆች ነው፤ ወንዶች ልጆች ግን ይህ አይመለከተንም እንዳይሉ አደራ።

ሥልጣኑ ከየት ይመጣል

ሥልጣን ማለት በሌላው ሰው እንጀራና ስም ላይ መወሰን መቻል ነው። የታወቀ ዘፋኝ ኮንሰርት ሲይዝ ማን ተቀባይ እንደሚሆን፣ የትኛዋ ተወዛዋዥ ፊት እንደምትቆም፣ የውጭ አገር ጉዞ ሲመጣ የማን ስም ለቪዛ እንደሚገባ የሚናገረው እሱ ነው። የባንዱ መሪ ይሰማዋል፣ ፕሮሞተሩ ይሰማዋል፣ የክለቡ ባለቤት ይሰማዋል። «ያቺ ልጅ አትመችም» ካለ ሌላ ምክንያት የሚጠይቅ የለም። ልጅቱም ለምን እንደቀረች ሳታውቅ ትቀራለች፤ ሌላ ቤት ስትሄድም ወሬው ቀድሟት ይደርሳል። የአገራችን የሙዚቃ ሙያ ጠባብ ነው፤ አቀናባሪው፣ የስቱዲዮ ባለቤቱ፣ ክሊፕ ሠሪውና አስተዋዋቂው ይተዋወቃሉ።

የወረዳ ሹም ቢበድል ቢሮው ይታወቃል፣ አለቃው ይታወቃል፣ አቤቱታ የሚገባበት መዝገብ አለ። ዘፋኙ ግን የተሾመበት ደብዳቤ ስለሌለ የሚሻርበትም የለም። በዚህ የተነሣ ሥልጣኑ ሥልጣን ሳይመስል ይኖራል።

አንዱ የሥልጣን ምንጭ ደግሞ እኛው ነን። ሕዝብ የሚወደውን ሰው የምትከስ ልጅ የምትጣላው ከሰውየው ጋር ብቻ አይደለም፤ በዘፈኑ የዳረ፣ በዘፈኑ የናፈቀ፣ በዘፈኑ አገሩን ያስታወሰ ሕዝብ አለ። ያ ሁሉ ሰው ልጅቱን አያውቃትም፣ ዘፋኙን ግን የሚያውቀው ይመስለዋል። አፏን ሳትከፍት «ገንዘብ ፈልጋ ነው» ይባላል። ዘፋኙም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ዘፋኙ ራሱ የነበረበት ፍርሃት

በታሪካችን ለረጅም ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ድምፅ ያለው ሰው ጉልበት ካለው ሰው ሥር ነበር። አዝማሪ በጌታው ድግስ ያወድሳል፣ በጌታው ጠላት ላይ ይሳለቃል፣ ጌታው ሲሸነፍ ዋጋውን ይከፍላል። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹና የቋራው ካሣ ሲጋጠሙ የጎሹ አዝማሪ ካሣን በግጥም አዋርዶት ነበር። ጎሹ ወደቀ፣ አዝማሪው ተማርኮ ካሣ ፊት ቀረበ፣ በዱላ ተደብድቦም ሞተ። ያ ካሣ ነው ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ሰሜን ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው። ልጆቻችን ደረስጌን የሚያውቁት በዘውዱ ነው፤ የአዝማሪውን ሞትም አብረው ቢያውቁት እወዳለሁ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታላላቆቹ ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ነበሩ። ዘፋኙ ደመወዙን የሚቀበለውም ፈቃድ የሚጠይቀውም ከአዛዡ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ እንኳ የክቡር ዘበኛ ሰው በመሆኑ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሯል። ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ተይዞ ሳለ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የራሱን ማሳተም ጀመረ፤ ዓለም ዛሬ የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን እያለ የሚሰማው ሙዚቃ ብዙው በእሱ ድፍረት የተቀረጸ ነው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ የቀበሌና የክፍለ ሀገር ኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ ኪነት የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በካሴት ጊዜ ደግሞ ሥልጣኑ ወደ ሙዚቃ ቤቶች ዞረ። ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ይከፍለውና ካሴቱ የቱንም ያህል ቢሸጥ ትርፉ የሙዚቃ ቤቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አሁን የተለወጠውን ለማሳየት ነው። ዛሬ ስም ያወጣው ዘፋኝ የራሱ ዩቲዩብ አለው፣ ስቱዲዮ አለው፣ ማናጀርና ጠባቂ አለው። ጌታውም ሙዚቃ ቤቱም አዛዡም እሱ ሆኗል። ለአዲስ ጀማሪ የሚከፈተው በር በእሱ እጅ ነው። ዘፋኙ ነጻ መውጣቱ መልካም ነው፤ ከሥሩ ላሉት ግን ማን ይቆምላቸዋል የሚለው ጥያቄ እስካሁን በወጉ አልተነሣም።

ብቻውን የሚበድል ታዋቂ ሰው የለም

የዚህን ነገር አሠራር በግልጽ ያሳየው በአሜሪካ ፍርድ ቤት የታየው የአር. ኬሊ ጉዳይ ነው። ሮበርት ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከዓለም ታላላቅ የአር ኤንድ ቢ ዘፋኞች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የ27 ዓመት ሰው ሳለ አሊያ የተባለችውን ጀማሪ ዘፋኝ አገባ። እሷ 15 ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሟን የሠራላትም እሱ ነበር። በጋብቻው ወረቀት ላይ ዕድሜዋ 18 ተብሎ ተጻፈ። እንዴት? የቀድሞ የጉዞ ማናጀሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደመሰከረው፣ ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ 500 ዶላር ጉቦ ሰጥቶ የሐሰት መታወቂያ አወጣላት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መታወቂያውን ያወጣው ዘፋኙ ራሱ አይደለም። አንዱ ሰው ሄደለት፣ ሌላው ማኅተም መታለት፣ ሌላው ጋብቻውን ፈጸመለት። ጋብቻው በዓመቱ ፈረሰ፣ ዘፈኑ ግን ቀጠለ። በ2000 ሁለት የቺካጎ ጋዜጠኞች ሌሎች ልጃገረዶችም እንዳሉ ጻፉ። በ2002 ከ14 ዓመት ልጅ ጋር የሚያሳይ ነው በተባለ ቪዲዮ ተከሰሰ። ችሎቱ ስድስት ዓመት ዘግይቶ በ2008 ሲደርስ ልጅቱ አልመሰከረችም፤ በነጻ ተለቀቀ። ያቺ ልጅ ትልቅ ሴት ሆና በ2022 ቺካጎ ላይ ቆማ በቪዲዮው የምትታየው እሷ እንደሆነችና ያን ጊዜ ለመርማሪዎቹ የዋሸችው በእሱ ግፊት እንደሆነ ተናገረች።

በመካከሉ ኒው ዮርክ ላይ ዐቃቤ ሕጎች መንገድ ቀየሩ። አንድ ሰው አንዲት ልጅን በደለ ብለው በተናጠል መክሰሱን ትተው፣ ዘፋኙና አጀቡ አንድ ላይ እንደ ወንጀል ድርጅት ይሠራሉ ብለው ከሰሱት። ማናጀሩ፣ ጠባቂው፣ ሹፌሩ፣ ጸሐፊው። ኮንሰርት ላይ ዓይኑ ያረፈባትን ልጅ ስልክ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የሚሄድላት ሌላ ሰው ነበር፤ ትኬት የሚቆርጥላትም ሌላ፣ ክፍሉ በር ላይ የሚቆመውም ሌላ። መስከረም 2021 ጥፋተኛ ተባለ፣ በሰኔ 2022 የ30 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከተበዳዮቹ መካከል ወንዶች ልጆችም ነበሩ። ከመጀመሪያው ጋብቻ እስከዚህ ፍርድ 27 ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት በየቤቱና በየሠርጉ ዘፈኑ ይዘፈን ነበር፣ እኛም አገር ጭምር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ዐረብ አገር እንድትሄድ ዕድሜዋን ጨምሮ የቀበሌ መታወቂያ ማውጣት በአገራችን የታወቀ በሽታ ነው። አንድ «ፕሮሞተር» ወይም «ማናጀር» ነኝ ያለ ሰው ክለብ ውስጥ እንድትሠራ መታወቂያዋን ላስተካክል ካለ፣ ያ ሰው ከቺካጎው ማናጀር ጋር አንድ ሥራ እየሠራ ነው። ማኅተም የሚመታውም ሰው እንዲሁ።

ናይሮቢ ላይ የታየው ርግጫ

ከአህጉራችን አንድ ልጨምር። የኮንጎው ኮፊ ኦሎሚዴ አፍሪካን ያስጨፈረ ትልቅ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ሲገባ ከራሱ ተወዛዋዦች አንዷን ሲራገጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ኬንያ ይዛ አባረረችው፣ ኮንሰርቱም ተሰረዘ። ኬንያውያን ያሰሙት ጩኸት ነው ይህን ያደረገው።

የእኔን ትኩረት የሚስበው ግን ርግጫው አይደለም። በሰው ፊት፣ ካሜራ ባለበት፣ በአየር ማረፊያ የሚራገጥ ሰው በልምምድ ክፍል ውስጥ ምን ያደርግ ይሆን የሚለው ነው። ፈረንሳይ አገር አራት የቀድሞ ተወዛዋዦቹ ፓሪስ አጠገብ ባለ ቤት እንደያዛቸው፣ ከልምምድና ከኮንሰርት በቀር እንዳይወጡ እንዳደረጋቸው፣ ወሲባዊ ጥቃትም እንዳደረሰባቸው ከስሰውታል። በ2019 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አንዷን በ15 ዓመቷ በመድፈር ጥፋተኛ አለው። በታኅሣሥ 2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከወሲባዊ ጥቃቱ ክስ ነጻ አደረገው፤ ሴቶቹን ያለፈቃዳቸው በመያዝ ግን ጥፋተኛ ብሎ በገደብ የታገደ የ18 ወር እስራት ፈረደበት።

ይህን ሁለቱንም ወገን አድርጌ የጻፍሁት ሆን ብዬ ነው። ክስ ፍርድ አይደለም። ስለ እኛ አገር የታወቁ ዘፋኞች የሚወራ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ፍርድ ቤት ባልበየነበት የማንንም ስም አልጠራም፣ ተማሪዎቼም እንዲጠሩ አልፈልግም። የተበዳይን ቃል ሰምቶ በአግባቡ እንዲመረመር መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ በስልክ ስም ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይጎዳዋል፣ ምክንያቱም እውነተኛዋ ተበዳይ ስትመጣ ሰው በወሬ ደክሞ ይጠብቃታል።

ከተወዛዋዦቹ ጉዳይ የምናየው አንድ ዘዴ አለ። ባዕድ አገር፣ የማያውቁት ቋንቋ፣ የሰውየው ቤት፣ የሰውየው መኪና። ሰውን ለመያዝ ሰንሰለት አላስፈለገም። ከእኛም አገር ተወዛዋዦች ወደ ዱባይ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከዘፋኝ ጋር ይሄዳሉ። ፓስፖርታቸው በማን ኪስ ነው? የመመለሻ ትኬታቸውስ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከክፍያው መጠን በፊት ይመጣሉ።

በአዝማሪ ቤትና በክለብ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር አንድ አዝማሪ ቤት ማታ ስትገቡ የሚታየውን ታውቃላችሁ። ማሲንቆው ይገዘገዛል፣ አንዱ ደንበኛ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን በጆሮው ይነግረዋል፣ አዝማሪው ይደግመዋል። ግጥሙ የሚያዋርድ ቢሆንም ይቀበላል፤ ሙያው ነውና። ከዚያ ብሩ ይወጣል። ለወንዱ አዝማሪ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለታል። ለሴቷ ግን እጁ ወደ ደረቷ የሚሄድ አለ። እሷ ትስቃለች፣ በትከሻዋ ሸርተት ትላለች፣ ግጥሙን ታሽሞነሙነዋለች። ቤቱ ሁሉ ይስቃል። የዚያ እጅ ባለቤት ትልቅ ከፋይ ከሆነ የቤቱ ጌታ ምንም አይልም፤ ሽልማቱን ብዙ ጊዜ ቤቱ ይካፈላልና።

እጁን የላከው ሰው አንዳንዴ ራሱ የታወቀ ዘፋኝ ነው። ያን ጊዜ የልጅቱ ሣቅ ሌላ ትርጉም አለው፤ ነገ ክሊፑ ላይ ሊያስገባት ይችላል ብላ ታስባለች። «ሥራ እንጀምራለን፣ ነገ ሆቴል ነይና እናውራ» ይላታል። ሥራ የሚወራው ስቱዲዮ ውስጥ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ነው። ልምድ ያላቸው ሴት ዘፋኞች ለጀማሪዎቹ ይህን ይነግራሉ፤ የማይነገራቸው ከገጠር ብቻቸውን የሚመጡት ናቸው።

በእኛ በኩል ደግሞ ዝምታውን የሚያጠነክር ነገር አለ። «ስሟ ከጠፋ ማን ያገባታል?» የሚባለው ነው። ቤተሰብ የልጁን ክብር ለመጠበቅ ብሎ ነገሩን ይሸፍናል፤ ሸፋኙ ቤተሰብ መሆኑን ያወቀ በዳይም ሌላ ልጅ ይፈልጋል። ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይነገራል፣ እርቅ ይወርዳል። ሽምግልናችንን እወዳለሁ፤ ደም ያደረቀ፣ የድንበርና የውሃ ጠብ ያበረደ ባህል ነው። አስገድዶ መድፈርን ግን ማስታረቅ አይችልም፣ አይገባምም። ይህ የኔ አስተያየት ብቻ አይደለም፣ ሕጉም እንዲሁ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ከሆነች ወይም በበዳዩ ቁጥጥር ሥር ያለች ወይም የእሱ ጥገኛ ከሆነች ጣሪያው 20 ዓመት ይደርሳል። «በኃይል» ሲባል ዱላ ብቻ አይደለም፤ በብርቱ ማስፈራራት፣ ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል ማድረግም ይገባበታል። ከኮንሰርት በኋላ በሚደረግ ግብዣ መጠጥ ውስጥ የሚጨመር ነገር ካለ እዚህ ውስጥ ነው። ይህ ወንጀል የመንግሥት ክስ ነው፤ ሽማግሌዎች ታረቁ ስላሉ አይዘጋም። የቀድሞው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ደፋሪው ተበዳይዋን ካገባት ነጻ ያወጣው ነበር፤ ይህ ተሽሯል። በአካባቢያችን አሁንም «ያግባት» የሚል ሰው ስለምሰማ ነው የምደግመው።

አንቀጽ 625 ለዛሬው ርእሳችን ልክ የተሰፋ ነው ማለት እችላለሁ። ሴትን በችግሯ ወይም በእሷ ላይ ባለው ሥልጣን ተጠቅሞ፣ አሳዳጊ፣ አስተማሪ፣ ጌታ ወይም አሠሪ በመሆኑ ወይም በመሰለ ግንኙነት፣ ወሲብ የፈጸመ ሰው ይቀጣል ይላል። ዱላ አልተነሣም፣ «እምቢ» የሚል ጩኸት አልተሰማም፤ ግን ልጅቱ እንጀራዋ በእጁ ስለሆነ ነው የተስማማችው። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ክሱ የሚጀምረውም ተበዳይዋ ስታመለክት ነው። ለእኔ እነዚህ ሁለቱም ድክመቶች ናቸው። ስሟ እንዲጠፋ የምትፈራውን ልጅ ራሷ ደፍራ እስክታመለክት መጠበቅ፣ ቅጣቱንም ማቅለል፣ የሕጉን ጥሩ ሐሳብ ግማሹን ይወስደዋል።

ዕድሜዋ ከ13 በላይ ሆኖ 18 ላልሞላ ልጅ አንቀጽ 626 አለ፤ ወንዶች ልጆችን የሚጠብቁ ድንጋጌዎችም በሕጉ ውስጥ አሉ። እዚህ ላይ «ፈቅዳ ነው» የሚል መከላከያ አይሠራም። በዳዩ አሠልጣኟ ወይም አሠሪዋ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል።

የሥራ ሕጉን ብዙ ልጆች ለሙዚቀኛ የተጻፈ አይመስላቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ አሠሪዋ ይህን ያደረገባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ማቋረጥ ትችላለች። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት አይፈቀድለትም። የምሽት ክለብ መድረክ መቼ እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። የ16 ዓመት ልጅ እዚያ ስትጨፍር የተገኘችበት ቤት ሕግ እየጣሰ ነው፣ ቤተሰቧ ፈቅዶም ቢሆን። በማታለል፣ በተስፋ ወይም በችግሯ በመጠቀም ልጅን ለብዝበዛ ከቦታ ቦታ የሚወስድ ሰውን የሚመለከተው ደግሞ በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው።

ውል

ውል ሰውን እንዴት እንደሚይዝ በሌላ የኒው ዮርክ ችሎት ላይ ካሲ የተባለችው ዘፋኝ የተናገረችው ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ19 ዓመቷ፣ ከታዋቂው የሙዚቃ አሳታሚ ከሾን ኮምብስ ድርጅት ጋር የአሥር አልበም ውል ፈረመች። አሥር! የወጣላት አንድ ብቻ ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን ሁሉ ሥራዋም ሕይወቷም በእሱ እጅ ነበር። በ2016 ሆቴል ውስጥ ሲደበድባት የሚያሳይ ቪዲዮ ከዓመታት በኋላ ለሕዝብ ወጣ፤ የሆቴሉ ጥበቃ ቪዲዮው እንዲጠፋ 100,000 ዶላር እንደተከፈለው መስክሯል። ኮምብስ በ2025 ከከባዶቹ ክሶች ነጻ ወጥቶ በሁለት ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፣ የ50 ወር እስራትም ተፈረደበት።

የእኛ አገር ውል ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ነው፤ አንዳንዴም ቃል ብቻ። ገጹ ላይ «ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ የይገባኛል ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ በዚያች አንዲት መስመር ያን ልታጡት ትችላላችሁ። ስንት ዓመት? ስንት ዘፈን? ዩቲዩቡ በማን ስም ነው? ልተው ብል ምን እከፍላለሁ? እነዚህን የማይመልስ ሰው የሚፈልገው ድምፃችሁን አይደለም። ውሉን ወደ ቤት ወስዳችሁ አሳድራችሁ አንብቡ። «አሁን ካልፈረምሽ ሌላ ልጅ አለች» የሚል ሰው ይኖራል፤ ለዚያች ሌላ ልጅ እዘኑላት እንጂ አትፈርሙ።

ዘፈኑንስ እንተወው?

ተማሪዎች ይህን ይጠይቃሉ፣ አዋቂዎችም ይከራከሩበታል። የእኔ መልስ አጭር ነው። አንድ ጊዜ የተወደደ ዘፈን ከጆሮ አይወጣም፤ ልጆችን ዘፈን በመስማታቸው ጥፋተኛ አላደርጋቸውም። በገንዘባችንና በመድረካችን ግን እንወስናለን። የወረዳ በዓል፣ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ፣ የሆቴል ምርቃት ሲኖር ማን እንደሚጠራ የሚወስኑ ሰዎች አሉ። በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለን ሰው መድረክ ላይ አቁሞ ማስጨብጨብ ተበዳይዋን ዳግመኛ ማዋረድ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሐሳብ የለኝም።

ከደረሰ

ወላጆች፣ ልጃችሁ መጥታ ስትነግራችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ለምን ሄድሽ?» አይሁን። «አምንሻለሁ፣ አንቺ አላጠፋሽም» በሏት። ከዚያ ጊዜ አታባክኑ።

ጥቃቱ ገና ከሆነ ሳትታጠብ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል፤ እርግዝና የሚከላከለው ክኒንም እንዲሁ በቶሎ ነው የሚሠራው። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታል ውስጥ አይታሸግ፣ እርጥበቱ ማስረጃውን ያበላሸዋል። ሐኪሙ ያየውን እንዲጽፍ ጠይቁ። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ይቅረብልን በሉ፤ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አብሯችሁ ሊቆም ይገባል። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። አስተማሪም ንገሩ። የሚያምኑት አንድ አስተማሪ የሌላቸው ልጆች ስላሉ ነው ትምህርት ቤት ውስጥ የልጃገረዶች ክበብ ያለው።

ነገሩ ገና በመልእክት ደረጃ ከሆነም ዝም አትበሉ። ልጆች ደንግጠው ወዲያው ቁጥሩን ይዘጋሉ፣ መልእክቱን ያጠፋሉ። ከመዝጋታችሁ በፊት የላከውን ሁሉ ከነስሙና ከነቀኑ የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሡት፣ የድምፅ መልእክቱንም አስቀሩት፤ እሱ ከራሱ በኩል ሊሰርዘው ይችላልና አንድ ቅጂ እናታችሁ ወይም እህታችሁ ስልክ ላይ ይቀመጥ።